ካርቱም ላይ ጌም ለመጫወት፦ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት የሚመጡት ጥያቄዎች

ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ትንሽ የደኅንነት መመሪያ ማሽኑ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ ያዛል። የካርቱም የቀን ሙቀት ግን በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ በአማካይ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ብዙ ቀን ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ሰማዩን አልብሶ ይመጣና በሩና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንኳ በጣት የሚጻፍበት አቧራ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይሄዳል። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ደክሞ ነው፣ አንዳንዴ በኃይል። ኢንተርኔቱ አንዴ በትእዛዝ፣ አንዴ በጦርነት ይቆረጣል። በዓለም ገበያ ላይ ለመክፈል የሚያገለግል የባንክ ካርድ ለአብዛኛው ነዋሪ የለም። እዚህች ከተማ ውስጥ የሚኖር ወጣት የትኛውን ማሽን ልግዛ ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው ምክር ግን በአብዛኛው ለሌላ አየር ንብረትና ለሌላ የመብራት መስመር የተጻፈ ነው። ምክሩ ስለ ግራፊክስ ካርድ ጉልበት፣ በሴኮንድ ስለሚወጡት ፍሬሞች ብዛትና ስለ ስክሪኑ ጥራት ያወራል፤ እነዚህ ሁሉ ከመድረሳቸው በፊት መመለስ ያለባቸውን ጥያቄዎች ግን ይዘላቸዋል።

ክርክሬ አጭር ነው። ካርቱም ውስጥ የጌም ማሽን ብርታት መለካት ያለበት ሁሉ ነገር ሲሟላለት በሚያሳየው ሳይሆን መብራት፣ ኢንተርኔትና የክፍያ መንገድ ሲጎድሉ በሚተርፈው አቅም ነው። ስለዚህ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ስንት ዋት ይበላል? ቀጥሎ ሙቀቱንና አቧራውን እንዴት ይችላል? ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ምን ያህል ይሠራል? ከዚያ ደግሞ ገንዘብ የከፈልኩበት ጌም በእርግጥ የእኔ ነው? የምስሉ ጥራት የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የካርቱም ነዋሪን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በዴም ሰፈር ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያንን፣ ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል የተሻገሩትን፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ በጨዋታ መሃል መብራት የሚሄድበትን ወጣት ሁሉ ይመለከታል። ካርቱም ግን ችግሮቹ በሙሉ በአንድ ላይ የተገናኙባት ከተማ ስለሆነች ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየው እዚያ ነው።

ዋቱን መቁጠር

ከሱዳን ዋና ዋና የኤሌክትሪክ ምንጮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው፣ 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የመረዌ ግድብ ነው። ግድቡ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ነገር ግን ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ እየበለጠ በመሄዱ፣ በተለይም ማቀዝቀዣው ሁሉ በሚሠራበት የሙቀት ወቅት፣ ካርቱም ከጦርነቱ በፊትም መብራት በፈረቃ የሚደርሳት ከተማ ነበረች። ጦርነቱ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ተመቱ፣ የመዳብ ሽቦ ተነቅሎ ተዘረፈ፤ በጃንዋሪ 2025 የመረዌ ጣቢያ በድሮን ሲመታ ብዙ የአገሪቱ ክፍል ጨለማ ውስጥ ገባ። ብዙ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ሶላርና ወደ ባትሪ ያዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ከባትሪ የሚጫወት ሰው ደግሞ የማሽኑን ጉልበት ሳይሆን የማሽኑን አፍ መቁጠር አለበት።

አንድ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ እንውሰድ። በወረቀት ላይ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በታች ባያወርዱት ይመከራል፤ ኢንቨርተሩም ኃይሉን ወደ 230 ቮልት ሲቀይር ከፊሉን በሙቀት መልክ ያባክናል። ለተጫዋቹ የሚደርሰው ወደ 500 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ሲያጫውት 200 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ትልቅ ቴሌቪዥን ሲጨመርበት 300 ይጠጋል። ባትሪው ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም ወይም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ከትንሽ ሞኒተር ጋር ከ100 ዋት ብዙም አይርቅም፤ አምስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ስቲም ዴክን ወይም ኔንቴንዶ ስዊችን የመሰለ በእጅ የሚያዝ ማሽን በ20 ዋት ዙሪያና ከዚያ በታች ስለሚወስድ ያው ባትሪ ለሃያ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። 350 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ ግን አንድ ሰዓት ተኩል አይዘልቅም። የምስሉ ልዩነት ዓይን ይስባል፤ የሰዓቱ ልዩነት ግን መጫወትና አለመጫወት ነው።

ብዙ ሰው ዩፒኤስ ከገዛ ችግሩ የሚፈታ ይመስለዋል። የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ነው፤ 84 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን 5ንና ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ደቂቃ ይሸከማል እንጂ ጨዋታውን አያስጨርስም። ሥራው ሌላ ነው፤ ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣል። ይህም ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲቋረጥበት ፋይሉ ይበላሻል፣ እየተደጋገመ ሲሄድ ዲስኩም ይጎዳል። ፕሌይስቴሽን 4 ከእንዲህ ያለ መቋረጥ በኋላ ሲበራ ማከማቻውን መመርመር የሚጀምረው ለዚህ ነው። የፕሌይስቴሽን 4ን ሃርድ ዲስክ በባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ መተካት ይቻላል፤ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው መንቀጥቀጡንና ድንገተኛ መቆሙን በተሻለ ይችላል። የዩፒኤሱ ባትሪ ግን ራሱ ሙቀት ይፈራል። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚለው የባለሙያዎች መለኪያ ካርቱም ላይ ሲሰላ፣ ለሌላ አገር አራት ዓመት የታሰበ ባትሪ በሁለት ዓመትና ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ እንደሚችል ይነግረናል። ባትሪውን ከፀሐይ ከሚመታ ግድግዳ ማራቅ ያለ ወጪ የሚገኝ ዕድሜ ነው።

አደገኛው ጊዜ መብራት የሚሄድበት ብቻ አይደለም፤ የሚመለስበትም ነው። መስመሩ ሲመለስ ቮልቴጁ ለአፍታ ከፍና ዝቅ ይላል። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከዲቫይደሩ መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ምንም የማያስወጣ ጥበቃ ነው። ቮልቴጁ በተደጋጋሚ ለሚወርድበት ሰፈር ስታቢላይዘር ይረዳል። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ከመሰካቱ በፊት ደግሞ የፓወር ሰፕላዩ ጽሑፍ ይነበብ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ለሱዳንም ለኢትዮጵያም ይሆናል፤ ከአሜሪካ የመጣ ኤክስቦክስ 360 ግን ፓወር ሰፕላዩ ለ110 ቮልት መስመር የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ 230 ላይ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል።

ሙቀቱና አቧራው

ፋንና ብረት የሚያቀዘቅዙት ቺፕ ከክፍሉ አየር በታች መቀዝቀዝ አይችልም። የቺፑ ሙቀት የክፍሉ ሙቀትና ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ ድምር ነው፤ ጭማሪው ደግሞ ቺፑ ከሚበላው ዋት ጋር አብሮ ያድጋል። አንድ ቺፕ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ፣ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 75 ላይ ይቆማል፤ 43 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ግን 93 ይደርሳል። ብዙ ቺፖች ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን መቀነስ የሚጀምሩት ወደዚህና ወደ 100 ሲጠጉ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ፍጥነት የካርቱም ከሰዓት በኋላ ላይ ሲደርስ በሙቀቱ ይወሰዳል። ያው ቺፕ የሚበላው ዋት በግማሽ ቢቀንስ ግን ጭማሪው 25 ይሆንና በዚያው በ43 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 68 ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ተጨማሪ ፋን ሳይሆን ሴቲንጉ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ይህ በነፃ ይገኛል። ጌሙ በሴኮንድ ከ40 ወይም ከ60 ፍሬም በላይ እንዳያወጣ መገደብ፣ የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያ ዝቅ ማድረግ፣ የጥላና የነጸብራቅ ደረጃዎችን መቀነስ ዋቱንም ሙቀቱንም አብረው ያወርዳሉ። ገደብ ያልተደረገበት ጌም ተጫዋቹ ሜኑ ላይ ቆሞ እያለ እንኳ ማንም የማያያቸው በመቶ የሚቆጠሩ ፍሬሞች ሲያወጣ ባትሪውን ይጨርሳል። በዚህ በኩል ያለው ሶፍትዌራዊ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይበልጣል።

አቧራው ሌላ ሕግ አለው። የካርቱም አቧራ ደቃቅ ስለሆነ በማሽኑ የአየር ቀዳዳ ገብቶ በብረቱ ክንፎች መሃል ይጋገራል፤ ፋኑ እየጮኸ አየር ግን አያልፍም። ዴስክቶፕ ላይ አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ቢበልጡና ማስገቢያው ላይ ስስ ማጣሪያ ቢደረግ፣ አየሩ በማጣሪያው ብቻ ስለሚገባ በየስንጥቁ የሚሰረገው አቧራ ይቀንሳል። ፕሌይስቴሽን 5 የጎን ክዳኑ ሲነሳ አቧራ የሚሰበስብባቸው ቀዳዳዎች ስላሉት ያለ መፍቻ ማጽዳት ይቻላል። ከዚያ አልፎ መክፈት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዋናው ቺፕ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፈሳሽ ብረት ነውና ከቦታው ቢፈስ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ፕሌይስቴሽን 4ና አብዛኛው ላፕቶፕ የሚጠቀሙት ተራ ተርማል ፔስት ግን በዓመት ወይም በሁለት ዓመት በጠጋኝ ሊታደስ ይችላል። በአየር ሲነፋም ፋኑ በጣት ይያዝ፤ ከመጠን በላይ ሲሽከረከር ይበላሻል። ካርቱም ቤቶች ውስጥ የተለመደው በውኃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ በደረቁ ወራት ክፍሉን በደንብ ያበርዳል፣ ይህም ለማሽኑ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን እርጥብ አየሩ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ከነፈሰ አቧራውን ጭቃ አድርጎ ያጣብቀዋል። ማቀዝቀዣው ክፍሉን ያቀዝቅዝ፣ ማሽኑ ግን ከነፋሱ መስመር ይውጣ።

ኢንተርኔት ሲጠፋ

ካርቱም ላይ የኢንተርኔት መቋረጥ ታሪክ ያለው ነገር ነው። ጁን 3 ቀን 2019 በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት የተቀመጡት ተቃዋሚዎች በኃይል ሲበተኑ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱ የተከፈተው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ ጁላይ 9 ነው። በመሃሉ አንድ የካርቱም ጠበቃ ኦፕሬተሩን ዛይንን ከስሶ ሲረታ ፍርዱ በመጀመሪያ የከፈተው የእሱን መስመር ብቻ ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ እንደገና ተዘግቶ እስከ ኖቬምበር 18 ቆየ። በፌብሩዋሪ 2024 ዛይን፣ ኤምቲኤንና ሱዳኒ ሦስቱም ሥራ አቁመው አብዛኛው አገር ከዓለም ተቆረጠ፤ ሰው በሳተላይት የሚመጣው የስታርሊንክ ኢንተርኔት ያለው ዘንድ እየሄደ በሰዓት እየከፈለ መልእክት ይልክ ነበር። ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ማሽን ሲመርጥ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ሊሆን አይችልም።

አምራቾቹ ይህን ጥያቄ ከባድ አድርገውታል። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ካልታየ ጌም እንዳያጫውት አቅዶ ነበር፤ በተጫዋቾች ቁጣ ምክንያት በዚያው ዓመት በጁን ወር ሐሳቡን ሰረዘ። ፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ስታልቅና የሶኒ ሰርቨር ሳይገኝ ሲቀር ማሽኑ የተገዙ ጌሞችን እስከ መከልከል ይደርስ ነበር፤ ሶኒ ይህን ያስተካከለው በ2021 በወጣው 9.00 በተባለው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 የሚገዛ ሰው ሶፍትዌሩ ከዚያ በታች አለመሆኑን ማየት ይጠቅመዋል። በ2023 መጨረሻ የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 የሚነቀል የዲስክ ማጫወቻ አለው፤ ማጫወቻው ከማሽኑ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጣመር ግን ኢንተርኔት ይጠይቃል። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ በዋት ሚዛን ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ ዲስክ ስለሌለው ጌሙ ሁሉ የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም በዕድሜ የገፋ ቢሆንም ዋቱ ትንሽ ነው፣ ዲስክ ይቀበላል፣ ጠጋኝ ያውቀዋል፤ ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ በመሆኑ ለካርቱም ብዙ አዳዲስ ማሽኖችን ይበልጣል። ዲስክም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ አንዳንዱ ዲስክ የጌሙን ከፊል ብቻ ይዞ ቀሪውን አውርድ ይላል። ከመግዛት በፊት ያለ አፕዴት መጫወቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ሲኖርም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ፤ ስፋትና ርቀት። አስፋልቱ ባለ ስምንት መስመር ቢሆንም መንገዱ ረጅም ከሆነ መኪናው ቶሎ አይደርስም። ጌም ለማውረድ የሚያስፈልገው ስፋት ነው፤ 100 ጊጋባይት የሆነ ጌም በ5 ሜጋቢት ፍጥነት ያለ ማቋረጥ 44 ሰዓት ይፈጃል። ኦንላይን ግጥሚያ ግን ብዙ ዳታ አይበላም፤ የሚፈልገው ርቀቱ እንዲያጥር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር የደርሶ መልስ ጊዜው (ፒንግ) ቢያንስ በ10 ሚሊሴኮንድ ይጨምራል። የሱዳን ኢንተርኔት በአብዛኛው በፖርት ሱዳን በኩል ወደ ቀይ ባሕር ኬብሎች ይወጣል። የጌሙ ሰርቨር ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሆኖ ሳለ መስመሩ አውሮፓ ዞሮ የሚመለስ ከሆነ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎ የተገዛ ትልቅ ፓኬጅ መዘግየቱን (ላጉን) አያስቀርም። በሰማይ 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው የድሮው ዓይነት ሳተላይት ደግሞ በርቀቱ ብቻ ወደ ግማሽ ሴኮንድ ስለሚያዘገይ ለኦንላይን ግጥሚያ አይሆንም፤ ስታርሊንክ በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚበር ነው የተሻለው። ስፋቱ ለሚጎድላቸው ግን መፍትሔ አለ። የኮምፒውተር ጌም ሱቁ ስቲም ከ2023 ጀምሮ በአንድ ራውተር ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ጌሙን እርስ በርስ እንዲወስዱ ፈቅዷል፤ አንድ ሰው ያወረደው ለሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል። የኦፍላይን አሠራሩንም ኢንተርኔት ሳለ ገብቶ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው እንጂ ከጠፋ በኋላ መፈለግ አይረዳም።

የገዛሁት የማን ነው?

አሜሪካ ሱዳንን በ1993 ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ ከምትላቸው መንግሥታት ዝርዝር ውስጥ አስገባች፤ በ1997 ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ጣለች። ማዕቀቡ የተነሳው በኦክቶበር 2017፣ ከዝርዝሩ የወጣችው በዲሴምበር 2020 ነው። በእነዚህ ዓመታት የውጭ ባንኮች ከሱዳን ጋር መሥራትን ስለሸሹ አንድ ሙሉ ትውልድ ጌም በካርድ ገዝቶ አያውቅም። በአገር ውስጥ የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ባንካክ በጦርነቱ ወቅት ሳይቀር የብዙ ሰው የገንዘብ መንገድ ሆኗል፤ ከድንበር ውጭ ላለ የጌም ሱቅ ግን ክፍያ አይፈጽምም። የቀረው መንገድ ባሕረ ሰላጤው ያሉ ዘመዶች የሚልኩት የጊፍት ካርድ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። የፕሌይስቴሽን ጊፍት ካርድ የሚሠራው በተሸጠበት አገር አካውንት ላይ ብቻ ነው፤ የሳዑዲ ካርድ በኤምሬትስ አካውንት አይገባም። ለዲስክ ጌም የሚገዛ ተጨማሪ ይዘትም ከዲስኩ የሽያጭ ክልል ጋር ካልተስማማ አይከፈትም። ስለዚህ የአካውንቱ አገር አንድ ጊዜ ታስቦ ይመረጥ፣ ካርዱም ዲስኩም ከዚያው ይሁን።

ከዚህ በላይ ያለው ችግር ግን የተጫዋቹ ጥፋት አይደለም። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ሱዳንንም ኢትዮጵያንም በአካውንት መክፈቻ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ተጫዋቹ የሌላ አገር ነዋሪ ነኝ ብሎ ለመመዝገብ ይገደዳል፤ ይህ ደግሞ ከውሉ ጋር ስለሚጋጭ አካውንቱ በማንኛውም ጊዜ ሊዘጋበት ይችላል። በሜይ 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሲያዝ ጌሙ ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወረደ፤ ተቃውሞው ሲበረታ ትእዛዙ ተነሳ። በዚያው ዓመት ማርች መጨረሻ ዩቢሶፍት የዘ ክሩን ሰርቨር ሲዘጋ ጌሙን የገዙ ሁሉ፣ ብቻቸውን ሲጫወቱ የነበሩትም ጭምር፣ የገዙትን አጡ። ጌም ሲገዛ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀር መጠየቅ አለበት። ከዚህ አንጻር ዲስኩ በእጅ የሚቀር ጌምና እንደ ጂኦጂ ያለ ማውረጃ ፋይሉን ያለ መቆለፊያ የሚሰጥ ሱቅ የተሻለ ባለቤትነት ይሰጣሉ።

ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛም ሁለት ጥያቄዎች ይጨመራሉ። አንደኛው የሶፍትዌር ዕድሜ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። ከ2018 ጀምሮ ስቲም ውስጥ ባለው ፕሮቶን አማካይነት ሊኑክስ ላይ ብዙ የዊንዶውስ ጌም መጫወት ይቻላል፤ ፎርትናይትንና ቫሎራንትን የመሳሰሉት ግን በማጭበርበር መከላከያቸው ምክንያት አይሠሩም። ሁለተኛው የሕሊና ጥያቄ ነው። በጦርነቱ ብዙ የካርቱም ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የተዘረፈ ዕቃም በየገበያው ተሸጧል። የሱዳን ሠራዊት በማርች 2025 ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ የተመለሰ ሰው የጠፋበትን ዕቃ መልሶ ሲገዛ፣ የሌላውን ጎረቤት ንብረት እየገዛ እንዳይሆን ካርቶኑን፣ ደረሰኙንና የሻጩን ማንነት መጠየቅ ይገባዋል። ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰ ማሽን ኪሳራው የሻጩ ሳይሆን የተዘረፈው ባለቤት ሊሆን ይችላል።

ተቃውሞዎቹ

በዚህ ሁሉ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ሰው ዳቦና መድኃኒት በሚፈልግበት ከተማ ስለ ጌም ማውራት ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። ክብደት ያለው ጥያቄ ነው፤ ዳቦው ይቀድማል። ነገር ግን ዋት የመቁጠር፣ ባትሪ የመጠበቅ፣ ማሽን የማጽዳትና ያለ ኢንተርኔት የመሥራት ዕውቀት ለተማሪው ላፕቶፕ፣ ለክሊኒኩ ኮምፒውተርና ለሱቁ ካሜራም ያው ዕውቀት ነው። ወጣቱ በራሱ ፍላጎት ሊማረው የሚጓጓለት በር ጌም ነው። የደቡብ ሱዳኑን ሉዋል ማየንን እንመልከት። ያደገው ሰሜን ኡጋንዳ በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅማ ላፕቶፕ ገዛችለት፤ ቻርጅ ለማድረግ ሰዓታት በእግሩ ይሄድ ነበር። በዚያች ላፕቶፕ ሰላም የተባለውን ጌም ሠራ፤ በኋላም ጁኑብ ጌምስ የተባለ ኩባንያ መሠረተ። ጌም ለስደተኛ ልጅ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ለዚህ ታሪክ መልስ ሊያገኝለት ይቸግረዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስልክ ይበቃል የሚል ነው። በእርግጥም ስልክ በዋት ፈተና አንደኛ ይወጣል፤ በራሱ ባትሪ ይሠራል፣ በኪስ ይሸሻል። ችግሩ ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየርን የመሰሉት ታዋቂ ጌሞች ያለ ሰርቨር አለመንቀሳቀሳቸው ነው፤ ስልኩ የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መልሱ ስልኩን መተው ሳይሆን ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጌሞችን አስቀድሞ መጫን ነው። ለአገራችንና ለጎረቤቶቻችን ጌም ለሚሠሩ ወጣት ድርጅቶችም ክፍት ቦታቸው እዚህ ነው። ኩኩሉንና ገበጣን የሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ከሰፈራችን ጨዋታ መነሳት እንደሚቻል አሳይቷል፤ በትንሽ ስልክ ላይ ያለ ዳታ የሚሠራ ጌም በካርቱምም በጎንደርም ተጫዋች አያጣም።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ጌሙ በሩቅ ሰርቨር ላይ እየሠራ ምስሉ ብቻ የሚመጣበት የክላውድ አሠራር የማሽንን ጥያቄ ያስቀራል የሚል ነው። ይህ አሠራር ዋቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ካርቱም በጣም የሚጎድላትን ነገር፣ የማይቋረጥና ቅርብ የሆነ መስመር፣ ይጠይቃል። ጉግል እንኳ ስታዲያ የተባለ አገልግሎቱን በጃንዋሪ 2023 ዘግቶታል፤ የተጫዋቹ ጌም በአገልግሎት ሰጪው ውሳኔ ላይ ሲንጠለጠል መጨረሻው ምን እንደሚሆን ያኔ ታይቷል።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። የተቆለፈው ተሰብሮ የሚሸጠው ጌም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ካርድ አይጠይቅም፣ ዋጋው ትንሽ ነው፤ በእኔ መለኪያ ከሕጋዊው ይበልጣል ማለት አይደለም ወይ? የተሰበረ ጌም ሰው የሚገዛው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሕጋዊው በር ስለተዘጋበት መሆኑን አምናለሁ። ይሁን እንጂ እነዚህ ፋይሎች የይለፍ ቃል የሚሰርቅና ዲስክ የሚቆልፍ ቫይረስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ባንካክና የቤተሰብ ፎቶ ባለበት መሣሪያ ላይ ይህ ከጌሙ ዋጋ በላይ ያስከፍላል። በተሰበረ ሶፍትዌር የሚሠራ ኮንሶልም ከኦንላይን አገልግሎት ሊታገድ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ የሠሪው ድካም ካልተከፈለ ነገ ከካርቱም ወይም ከአዲስ አበባ የሚወጣው ሠሪም አይከፈለውም። ያገለገለ ሕጋዊ ዲስክ፣ ያለ መቆለፊያ የሚሸጥ ጌምና በነፃ የሚለቀቁ ጌሞች እያሉ መካከለኛ መንገድ አለ።

የሚቀረው ኃላፊነት የአምራቾቹና የነጋዴዎቹ ነው። እያንዳንዱ ኮንሶል ካርቶኑ ላይ የሚወስደው ዋት፣ ያለ ኢንተርኔት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጫውትና ለመጀመሪያ ጊዜ ለመክፈት ኢንተርኔት ያስፈልገው እንደሆነ በግልጽ ሊጻፍበት ይገባል፤ ይህ መረጃ በእጃቸው ያለ ስለሆነ መጻፉ ብዙ አያስወጣቸውም። ሱዳንንና ኢትዮጵያን በአካውንት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ደግሞ ተጫዋቹን ከውሸት አድራሻ፣ ኩባንያውንም ከጠፋ ገበያ ያወጣል። እስከዚያው ድረስ ገዢው ጥያቄውን ራሱ ይዞ ይሂድ። ሱቅ ውስጥ ስለ ምስሉ ጥራት ከመጠየቁ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ያንብብ፣ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ጌሙ ተከፍቶ እንዲታየው ያድርግ፣ ማሽኑ ቢበላሽ ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደሚጠግነው ይጠይቅ። ይህን ሁሉ የሚያልፍ ማሽን በማስታወቂያው ላይ የመጨረሻው ቢሆንም፣ ካርቱም ላይ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው።